የማይዞረው መድፍ

ኮሎኔል ኡባልዶ ካኔፓ የሞተው «እዚህ አይደርስብኝም» ብሎ ራሱ በመረጠው ቦታ ላይ ነው። ከጄኖቫ በላይ ባለው የተኩስ ሜዳ፣ ከአሸዋ ከረጢት ክምር ኋላ፣ መነጽሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ከረጢቶቹን በስቶ ደረቱን የመታው ጥይት የወጣው ለአዲስ ሠልጣኞች ሊያሳይ ካመጣው አስራ አንድ ቶን ታንክ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያለቀሰለት ሰው አልነበረም። ወታደሩ ሁሉ የጠላውን ሰው ሲቀብሩት ግን ጡሩንባ ተነፋለት።

የጦር ፍርድ ቤቱ ጊዜ አልፈጀም። መድፉን የተኮሰው አስር አለቃ ኦሬስተ ጋጌሮ ነው። ኮሎኔሉ ከአንድ ቀን በፊት በሰው ፊት በጥፊ መትቶት፣ ፈቃዱንም ሰርዞበት ነበር። ልጁም «አንድ ቀን ታገኛታለህ» ማለቱን አራት ሰው ሰምቷል። ዓርብ ጠዋት እንዲረሸን ተፈረደበት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የካራቢኜሪው፣ የጦር ፖሊሱ፣ ሹም ማሬሻሎ ኤርሜቴ ፖርኩ መዝገቡን ሊዘጋ መጣ። አጭር የሰርዲኒያ ሰው ነው፤ በወረቀት የጠቀለለውን የሽምብራ ቂጣ እየገመጠ ሲገባ ዘበኞቹ ተጠቃቀሱ። መዝገቡን አነበበና ከመዝጋት ይልቅ እስረኛውን አስጠራ።

«ተኮስክ?»

«ተኩሻለሁ ጌታዬ። ግን የዒላማ ሰሌዳውን ነው ያለምኩት፤ ሦስተኛውን፣ በቀኝ ዳር ያለውን። ልክ ቃታውን ስስበው ሰሌዳው ከዓይኔ ሸሸ።»

«ሰሌዳ እግር የለውም እኮ።»

«ዳኞቹም እንደዚሁ ብለው ሳቁብኝ።»

ፖርኩ አልሳቀም። «ከመተኮስህ በፊት የምታደርገውን ሁሉ ንገረኝ። ትንሿን ነገር እንዳታስቀር።»

«ሹፌሩ ቲቶ በግራዬ ነው የሚቀመጠው። ሞተሩ ስለሚጮህ መነጋገር አይቻልም። ጉልበቱን አንዴ ስመታው ወደ ግራ ያዞራል፤ ሁለቴ ስመታው ወደ ቀኝ። ከጨበጥኩት ግን ልተኩስ ነው ማለት ነው፤ የመሪ ዘንጎቹን ይለቅና ታንኩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።»

«የዚያን ቀንስ ጨበጥከው?»

«ጨበጥኩት እንጂ! ያለሱ ተኩሼ አላውቅም።»

ፖርኩ ቂጣውን ጨርሶ ወደ ሜዳው ወረደ። የታንኩ አዛዥ መቶ አለቃ ሞንታልዶ ቦት ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ተከተለው።

«ማሬሻሎ፣ ምን ያደክምዎታል? ልጁ መድፉን አዞረና ሰውየውን ገደለው፤ አለቀ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ላይ፣ ከመትረየሶቹ ጋር፤ የሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ።»

«መድፉስ ከእርስዎ ጋር ይሽከረከራል?»

መቶ አለቃው በእጁ ወደ ታች ጠቆመ። «የለም። መድፉ ታች፣ አካሉ ላይ ነው የተተከለው። ግን ግራ ቀኝ ይላል።»

«ምን ያህል?»

መቶ አለቃው አላወቀም። በዚያ ታንክ ላይ ሁለት ዓመት አዟል።

ሹፌሩን ሃምሳ አለቃ ቲቶ ሬፔቶን ያገኘው እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ነው። ጎምላላ፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ኦሬስተ ጉልበትህን ሲጨብጥ እጆችህ የት ነበሩ?»

«ጭኔ ላይ። ደንቡ ነው።»

«ከዚያ በኋላስ ዘንጎቹን ነካህ?»

«እስካቆመው ድረስ አልነካሁም። ሳቆመውም ሁለቱን እኩል ነው የሳብኩት።»

«ኦሬስተ ነገ ይሞታል።»

ቲቶ ጨርቁን አጣጠፈ። «ሰምቻለሁ» አለ።

የቀረው ታንኩን በሙከራ ጊዜ የፈተነው ኢንጂነር ጋስታልዲ ነበር። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ወይን ጠጥቷል።

«ኮሎኔሉን እዚያ ቁም ያለው ማነው?»

«ራሱ ነዋ! መድፉ እስከዚህ አይዞርም አለ። ልክ ነበር፤ አይዞርም። ከአራት ዓመት በፊት ታንኩን ሲያጸድቅ በጽሑፍ ነግሬዋለሁ፤ መድፉ ወደ ላይ ይውጣ፣ መትረየሱ ታች ይውረድ፣ አለዚያ ልጆቹ በጎን ይመታሉ ብዬ። ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

ኢንጂነሩ አንገቱን ደፋ። «ለአንድ ሰው ብቻ። ባለፈው ወር፣ ሰክሬ።» ስሙን በጆሮው ነገረው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ፤ ኦሬስተ እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። ፖርኩ ታንኩን ተኩሱ ከተፈጸመበት የኖራ መስመር ላይ ቀጥ አድርጎ አስቁሞት ነበር። አንዱን ወታደር መድፉን እስከሚችለው ወደ ቀኝ እንዲገፋ አዘዘውና ከአፈሙዙ ሲባጎ እየዘረጋ ሄደ። ሲባጎው ሦስተኛውን ሰሌዳ ነካ። ከአሸዋ ከረጢቶቹ ግን አስር እርምጃ ወደ ግራ ቀረ።

«አያችሁ» አለ። «ኦሬስተ በጥርሱ ቢገፋው እንኳ መድፉ ኮሎኔሉ ጋ አይደርስም። ስለዚህ መድፉ አልዞረም፤ ታንኩ ነው የዞረው። ታንኩን የሚያዞር ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

«ጭቃው ነው!» አለ መቶ አለቃው። «ተንሸራቶ ይሆናል።»

«የተንሸራተተ ታንክ ተመልሶ አይቃናም፤ እዚህ ይመልከቱ።» ፖርኩ ሣር የለበሰ ጭቃ ላይ ተንበረከከ። «የቀኙ ሰንሰለት እዚህ ቆሞ መሬቱን ፍቆታል፤ የቀኙ ዘንግ ተስቧል። ሁለት እርምጃ አልፎ ደግሞ የግራው ፍቆታል፤ ታንኩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሁለት ጊዜ ተስቧል። ሃምሳ አለቃ ቲቶ ግን አልነካሁም ብሎኛል። የሚተኮስባትን ቅጽበት ከተኳሹ ሌላ የሚያውቅ ማነው? ጉልበቱ የተጨበጠው ሰው ነው። የኢንጂነሩን ወረቀት ነገር የሰማውም እሱ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ቲቶ ዞሩ። ሊክድ አልሞከረም።

«ወንድሜ ፒየሮ የእንዲህ ዓይነቱ ታንክ ተኳሽ ነበር» አለ። «ባለፈው ታኅሣሥ በበረሃው ጦር ግንባር ሰንሰለቱ ተበጥሶ ቆመ። እንግሊዞቹ በጎን መጡበት። መድፉ አይዞርም! እያያቸው፣ ጥይት በእጁ እያለ፣ ተቃጠለ። ያ ውሻ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብሎ ወይኑን ይጠጣል። እዚህ አይደርስም ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ሳየው ደሜ ፈላ። የሠራውን ይቅመሰው አልኩ። ዛሬም ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ደግሜም አደርገዋለሁ!»

«ኦሬስተስ?» አለ ፖርኩ።

«አደጋ ነው ተብሎ ያልፋል ብዬ ነበር» አለ ቲቶ።

«ሲፈረድበትስ?»

«ፈራሁ።»

የኦሬስተ ካቴና ተፈታ። ሰዉ ያለቅሳል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ቲቶ ፊት ቆመ። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በአንድ ሳህን በልተዋል።

«አምኜህ ነበር የጨበጥኩህ፣ አንተ ከሃዲ» አለው። ከዚያ ወደ ፖርኩ ዞረ። «ለነገ የሚተኩሱብኝ ስንት ነበሩ፣ ጌታዬ?»

«ስምንት።»

«የሱ ቀን ሲደርስ ዘጠነኛ አድርጉኝ።»

«ልጄ፣ ዛሬ ከሞት ተርፈሃል። ቤትህ ግባና ተኛ።»

«አልተኛም። እስከዚያ ቀን አልተኛም።»

«ዘጠነኛ ይሁን፣ ይገባዋል» አለ ቲቶ። ዓይኑን ከኦሬስተ ላይ አላነሳም። «ያን ጊዜ ዒላማህን ማንም አይነቀንቅብህም።»

ፖርኩ ነፍሱን ያተረፈለትን ልጅ አየው። ቅድም ስለ ወንድሙ ሲያወራ በቲቶ ፊት ላይ ያየው ነገር አሁን እዚህኛው ፊት ላይ ነበር፤ ያኔ ልጁን በማትረፉ የተሰማው ደስታ ሁሉ ከውስጡ ወጣ። ሁለቱን በአንድ መኪና እንዳይጭኗቸው አዘዘ።