ለወረቀት የማይሆን ፎቶ

ዲቦራ ካሜራውን ወደ አጎቷ ወደ ማናሴ ስታዞር እሱ ቆቡን አወለቀ። ትከሻውን አስተካከለ፣ አገጩን ቀና አደረገ፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ እንዲታዩ አንገቱን ቀጥ አደረገ። ከዚያ ትንፋሹን ያዘ።

«አንክል፣ እኔ እኮ ኢሚግሬሽን አይደለሁም» አለች።

«አንሺ፣ አንሺ። ዝግጁ ነኝ።»

ብልጭታው ቦግ አለ። የካሜራ ሱቁ ባለቤት አብዱልሀፊዝ ከባንኮኒው ጀርባ ዓይኑን ጨፈነ። ሦስቱም በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ አጎነበሱ። ግንባሩ ነጭ፣ ከበስተኋላው ጨለማ የሆነ፣ የደነገጠ ሰው አፍጥጦ ያያቸዋል።

«ጥሩ ወጥቻለሁ» አለ ማናሴ። «ይሄንን ነው የምንገዛው። ከነካርቶኑ ነው፤ የስክሪኑ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም።»

ዲቦራ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ያንን ፊት ታውቀዋለች። «የወረቀት ፊት» ትለዋለች። እነሱ ቤት ወረቀት ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። አባቷና አጎቷ ከሆሳዕና ተነስተው ጆሃንስበርግ እስኪደርሱ፣ ከደረሱም በኋላ፣ ፎቶ የተነሱት ለወረቀት ብቻ ነው፤ ለማውጣት፣ ለማሳደስ፣ እንደገና ለማሳደስ። ስለዚህ በሰርግም ይሁን በልደት፣ ሰው ስልኩን ሲደግንባቸው ቆብ ይወልቃል፣ ጆሮ ይወጣል፣ ሳቅ ይጠፋል።

አባቷ ዱካሞ ባለፈው ዓመት በሰኔ ብርድ ድንገት ልቡ ቆሞ አረፈ። ያን ሰሞን ዲቦራና እናቷ መሰረት የቤቱን ስልኮች ሁሉ በርብረው ሃያ ሦስት ፎቶ አገኙ። በሃያ ሦስቱም ዱካሞ እንደዚያው ቆሟል። ቤተ ክርስቲያኑ ለቀብሩ አንዱን አጉልቶ አሳተመና በአበባ መካከል አቆመው። ሰው እያየው አለቀሰ። ዲቦራ ግን ያን ቀን እንባዋ አልመጣም። የምታውቀው አባቷ በሶዌቶው ሱቃቸው የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ በዙሉኛ «ሳውቦና ጎጎ»፣ ሰላም አያቴ፣ እያለ አሮጊቶቹን የሚያስቅ፣ እሱ ራሱ ሲስቅ ግን አፉን በእጁ ጀርባ የሚሸፍን ሰው ነው። ያ ሰው በየትኛውም ፎቶ ውስጥ አልነበረም።

ካሜራ የፈለገችው ለዚህ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ሁለት የትምህርት ቤት ዕረፍት ሱቅ ቆማ ያጠራቀመችው አራት ሺህ አምስት መቶ ራንድ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ከነካርቶኑ የሚሸጠው አዲሱ ካሜራ ደግሞ ሰባት ሺህ ነው።

«የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አለ ማናሴ።

«ከምን?»

«ከኪሴ ነዋ። ከማን ኪስ ልሞላ?»

ዲቦራ ከምን እንደሆነ ታውቃለች። የሶዌቶው ሱቃቸው ፍሪጅ በሩ በገመድ ታስሮ መሥራት ከጀመረ ሦስት ወር አልፎታል። አጎቷ ዛሬ ወደዚህ ወደ ፎርድስበርግ ገበያ የመጣው እሷን ሸኝቶ፣ በዚያው ሌላ ፍሪጅ ሊያይ ነበር። ታኅሣሥ ደርሷል፤ እዚህ አገር ሙቀቱ የሚበረታው ያኔ ነው፤ ሶዌቶ በዚያ ሙቀት ለብ ያለ ኮካ የሚገዛ ሰው የለም።

ስልኳ ነዘረ። የክፍል ጓደኛዋ እምነት ከቤሪያ ሰፈር የድምፅ መልእክት ልካለች። ዲቦራ ወደ ጆሮዋ ብታስጠጋውም ሱቁ በሙሉ ሰማው። «ዲቦ፣ ትልቁን ያዢ፣ ዘ ቢግ ዋን። ትንሽ ነገር ይዘሽ ብትመጪ አላውቅሽም፣ ሲሪየስሊ። ሰው የሚያከብረው ትልቅ ካሜራ ነው።»

«ትልቅም አለ» አለ አብዱልሀፊዝ፤ ከመደርደሪያው ላይ ጡብ የሚያክል ጥቁር ካሜራ አውርዶ። «አራት ሺህ ሦስት መቶ። ግን እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ ይሄ የኖረው ጋዜጠኛ ጋር ነው። ካሜራ እንደ ታክሲ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ሦስት መቶ ሺህ ጊዜ ተነስቶበታል። ሌንስም የለውም።»

«ሌንስ ከሌለው በምን ያነሳል?» አለ ማናሴ።

«አያነሳም። ያስከብራል።»

ዲቦራ ሳቀች። ከዚያ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ጠቆመች። «ያቺስ?»

ትንሽ ናት። ጠርዟ ላይ ቀለሟ ለቆ ብረቱ ይታያል። ከፊቷ ግን ዲቦራ ለወራት በቪዲዮ ስታየው የከረመችው አጭር ሌንስ አለ፤ ባለ ሃምሳ ሚሊ ሜትሩ። በደንብ ስለሚከፈት ደብዛዛ ቤት ውስጥ እንኳ ያለ ብልጭታ ያነሳል። ገንዘብህ ትንሽ ከሆነ ካሜራው ራሱ፣ ቦዲው፣ ያርጅ፣ ሌንሱ ግን ጥሩ ይሁን ይሉ ነበር ቪዲዮዎቹ።

«ከነሌንሷ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ» አለ አብዱልሀፊዝ። «ሃያ ሺህ ጊዜ እንኳ አልተነሳባትም። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ወፍ ብቻ ነበር የሚያነሱት።»

«ሰው አንስታ አታውቅም?» ማናሴ ተጠራጠረ።

«ትለምዳለች። አንድ ነገር ግን እወቂ፤ ዙም የላትም። ዙምሽ እግርሽ ነው።»

ዲቦራ ካሜራዋን ተቀብላ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች። ማናሴ እንዳየ ቆቡን አወለቀ። ጆሮ ወጣ፣ ትንፋሽ ተያዘ። እሷ ግን አላነሳችም። አጎቷ በካሜራዋ መመልከቻ ውስጥ አልገባ አላት፤ አሁንም ወደ ኋላ ሄደች፣ ተረከዟ የበሩን ደፍ እስኪነካ።

«ምን ሆነሽ ነው? መኪና መንገድ ልትገቢ ነው እኮ።»

«ቆይ፣ እያስተካከልኩ ነው።»

መጠበቅ ለማናሴ አይሆንለትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ባንኮኒ ፊት ዝም ብሎ መቆም አልቻለም። ቆቡን መልሶ አጠለቀና ወደ አብዱልሀፊዝ ዞረ።

«ይልቅ የአዲሱን ቁርጡን ንገረኝ። ሰባት ሺህ የሚባለውን ተወው።»

«ወንድሜ፣ አዲስ ነው። ካርቶኑን እያየኸው ነው።»

«እሺ፣ ካርቶኑን አንተ አስቀረው። ያለ ካርቶኑ ስንት?»

«ቅድም የወደድከው ካርቶኑን አልነበር እንዴ? እኔ ሱቅህ መጥቼ፣ ዳቦው ያለ ላስቲኩ ስንት ነው ብልህ ምን ትለኛለህ?»

«ዳቦውን በሙሉ ዋጋ እሸጥልህና ላስቲኩን እመርቅልሃለሁ» አለ ማናሴ፤ በራሱ ቀልድም ሳቁ አመለጠው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የእጁ ጀርባ ወደ አፉ ሄደ።

ዲቦራ አዝራሩን ተጫነች። ብልጭታ አልነበረም። ካሜራዋ ቀጭ ብቻ አለች፤ ማንም ልብ አላለም።

ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። ከበሩ የገባው ብርሃን በአንድ ጉንጩ ላይ አርፏል። ቆቡ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ዓይኖቹ በሳቅ ተጨፍነው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸው፤ እጁ ግን አፉ ጋ አልደረሰም፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። አጎቷ እንዲህ እንደሚስቅ ስንት ጊዜ አይታለች፤ የማን ሳቅ እንደሆነ ግን እስከዛሬ ልብ አላለችም።

«ይቺን ነው የምወስደው» አለች።

«ዲቦ፣ ተይ። አሮጌ ናት።»

«ገንዘቤ ይበቃታል። ለሚሞሪ ካርድም ይተርፋል።»

«እኔ እሞላለሁ አልኩሽ አይደል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወንድሜን ልጅ አሮጌ ዕቃ አስይዤ ልመልሳት ነው? መሰረት ምን ትለኛለች? ዱካሞ ቢኖር አዲስ ነበር የሚገዛልሽ።»

 ዲቦራ ካሜራዋን አዙራ አቀበለችው።

ማናሴ አየ። ስክሪኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ መልሶ አራቀ።  አብዱልሀፊዝም የሚያጸዳው ሌንስ ፈልጎ ዞር አለ።

«አባታችን ይቆጣን ነበር» አለ ማናሴ በመጨረሻ። «ስንስቅ፣ መንጋጋችሁ ታየ እያለ። እኔም ዱካሞም እጃችንን የለመድነው ያኔ ነው።» በአውራ ጣቱ የስክሪኑን ጠርዝ ጠረገ። ቆሻሻ አልነበረበትም። «እንዲህ ነው እንዴ የምመስለው?»

«እንዲህ ነህ።»

«ለወረቀት ግን አይሆንም።»

«አይሆንም» አለች ዲቦራ።

ማናሴ ካሜራዋን መለሰላትና ወደ ባንኮኒው ዞረ። «በል አብዱልሀፊዝ፣ የወፏን ካሜራ ዋጋ ንገረኝ። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ያልከውን አልሰማሁም።»

በሦስት ሺህ አምስት መቶ ወጡ፤ ካርዱ ተመርቆላቸው። ፍሪጁንም አይተው ገዙት። ከሰዓት በኋላ ሶዌቶ ሲደርሱ ከተሳፈሩበት ባኪ፣ ከፒክአፑ፣ ጀርባ ላይ በገመድ ታስሮ ቆሞ ነበር።

መሰረት ፍርግርጉ ውስጥ ሆና ለአንዲት ጎጎ ዳቦና የስልክ ካርድ እየሸጠች ነው። ካሜራውን በልጇ አንገት ላይ ያየችው ገና ከሩቅ ነው።

«መጣ? እስቲ አንሺኝ» አለች። ሻሿን ወደ ኋላ ሰብስባ ሁለቱን ጆሮዎቿን አወጣች። ከንፈሯን ገጠመች። ቀጥ ብላ ቆመች።

ዲቦራ ካሜራዋን ወደ ዓይኗ ከፍ አደረገች። ብርሃኑ ጥሩ ነበር፤ በፍርግርጉ በኩል ገብቶ የእናቷን እጆች ነክቷል። ጣቷ አዝራሩ ላይ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ ካሜራዋን አወረደች።

«በኋላ፣ ማሚ።»

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አይ። ጊዜ አለን።»

ወደ ውስጥ ገብታ ካሜራዋን ባዶው የዳቦ ሳጥን ላይ፣ እጇ በሚደርስበት ቦታ አስቀመጠች። የሌንሱን ክዳን አውልቃ ኪሷ ከተተችው። እናቷ ካሜራዋን እስክትረሳት ድረስ፣ ከጎኗ ቆማ ዳቦ መሸጥ ጀመረች።