ማንም ያልሰማው ጊታር

ሐያሲው አንድ ጆሮውን ምንጣፉ ላይ ለጥፎ ሞቶ ተገኘ። በሕይወቱ ሳለ ለአንድም ዘፋኝ ያን ያህል ጆሮ ሰጥቶ አያውቅም።

ራስጌው «የዓመቱ ምርጥ ሐያሲ» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት የነሐስ ዋንጫ ወድቋል፤ የዋንጫው የድንጋይ መቀመጫ ደም ነክቶታል። የማዳመጫ ክፍሉ ግድግዳ እስከ ጣሪያው በአልበም ተሞልቷል፤ የአብዛኛው ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ በጋዜጣ ዓምዱ ዘፋኝ ሲያዋርድ የኖረው ሦስት ዘፈን ሰምቶ የቀረውን እየገመተ ነበር። አንባቢዎቹም ከእሱ አይሻሉም። ጋዜጣውን የሚገዙት ስለ ሙዚቃ ሊማሩ ሳይሆን «ዛሬ ደግሞ ማን ተሰደበ?» ብለው ነው።

ምርመራው የተሰጠው ባልደረቦቿ «ወንፊት» ለሚሏት የሃምሳ ዓመት ሴት ነበር፤ ዱቄቱ ቢያልፍ ግርዱ አያመልጣትም። ስለ አዲስ ዘፈን ያላት አስተያየት ከሟቹ ብዙም አይሻልም፤ እሷ ግን ቢያንስ ደመወዝ አትቀበልበትም። የሟቹ ኮምፒዩተር እንደበራ ነው፤ ከነገ ወዲያ ስለሚወጣ አልበም የተጻፈ ሂስ ይታይበታል። አነበበችው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሳ ቆመች፦ «በአራተኛው ዘፈን ጊታሩ በግራ በኩል ሲጠይቅ፣ ሳክስፎኑ በቀኝ ይመልስለታል።» አልበሙ ማጫወቻው ውስጥ ነበርና አራተኛውን ዘፈን ከፈተችው። ከበሮ ሰማች። እንደገና ከፈተችው። አሁንም ከበሮ ነው።

ክፍሉን አሸገችና ጽሑፉን ማንም እንዳያይ አዘዘች።

ሬሳውን ያገኘው የጋዜጣው የመዝናኛ ገጽ አዘጋጅ ኮሪደሩ ላይ እየተንቆራጠጠ ጠበቃት።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጽሑፉን ልወስድ መጣሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገባሁ» አላት። «ይቅርታ፣ ጽሑፉን ብቻ ቢሰጡኝ? ገጼ ባዶ ነው።»

«ወዳጅህ ገና አልቀዘቀዘም።»

«እሱም ቢሆን ገጹ ባዶ እንዲወጣ አይፈልግም ነበር።»

«አልበሙን ሰምተኸዋል?»

«ለእኔም ለእሱም አንዳንድ ቅጂ ተልኮልናል። ከሽያጭ በፊት ለጋዜጠኛ የሚሰጠው ቅጂ ግን ሆን ተብሎ ይበላሻል። የግራውንና የቀኙን ድምፅ ጨፍልቀው አንድ ያደርጉታል፣ ስሱ መሣሪያ በከበሮው ይዋጣል፤ ሌባ ቢያባዛው ገዢ እንዳያገኝ ነው።»

«ታዲያ የተጨፈለቀ ሰምታችሁ ነው የምትፈርዱት?»

«ምን ልዩነት አለው?» አለ አዘጋጁ፣ ከልቡ ገርሞት።

ከታች ፎቅ የሚኖሩት የሟቹ ታላቅ እህት አላለቀሱም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ወንድምዎን ከሰዓት ማን ጎበኘው?»

«እኔ ገበያ ነበርኩ። ጠዋት ግን ያቺ አልበሟ ሊወጣ የደረሰው ዘፋኝ መጥታ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ‹ብዕርህን አስውጥሃለሁ› አለችው።»

«ሲጽፍ የሚረዳው ሰው ነበር?»

ሴትየዋ ፊታቸውን አዞሩ። «ወንድሜ አንድ ፊደል ማንም አይነካብኝም ይል ነበር። እንደዚያው ይጻፍለት።»

ወንፊት ይህን ልብ አለች፤ አልገፋችበትም።

ምሽት ላይ አለቃዋ ደወለ። «ዘፋኟን ያዣት እንጂ! ዛቻዋን የሰማ መንደር ሙሉ ምስክር አለ።»

«እስከ ነገ ረፋድ ስጠኝ።»

«እስከ ነገ ረፋድ። ከዚያ እኔው ራሴ መጥቼ እይዛታለሁ።»

ዘፋኟ በሩን ስትከፍት ብርድ ልብስና ቅያሪ ልብስ የያዘ ሻንጣ ከኋላዋ ተዘጋጅቶ ነበር።

«እንደምትመጡ አውቄ ነው» አለች። «ዛቻውን አልክድም። ዘጠኝ ዓመት ሆቴል ቤት የሌላ ሰው ዘፈን ዘፍኜ፣ አንድ የራሴን ብሠራ፣ በር ላይ ቆሞ ‹ሦስቱ ይበቃኛል› ብሎ ሳቀብኝ። ተናደድኩ፤ ጮህኩ፤ ሄድኩ። ከሰዓት ቤቴ ነበርኩ፤ ብቻዬን። ምስክር የለኝም።»

«ብትታሰሪ ምን የሚሆን ይመስልሻል?»

«ከነገ ወዲያ የሚወጣው የነፍሰ ገዳይ አልበም ይሆናላ። ንጹሕ ነሽ ተብዬ ብወጣም እንኳ ማን መልሶ ይሰማኛል?» ወንፊት አዘነችላት፤ ይህ በሥራዋ ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስባትም።

«ዋናውን ቅጂ ሰምተሻል?»

«የት አባቴ! የአልበሙ አቀናባሪ ከስቱዲዮው አያስወጣውም። ድምፄን ቀዳና ‹በቃሽ፣ ሂጂ› አለኝ። ለእኔም የደረሰኝ የጋዜጠኞቹ ቅጂ ነው።»

አቀናባሪው ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም የማያወልቅ ሰው ነበር። የስቱዲዮው ግድግዳ በራሱ ፎቶ ተሞልቷል። ከሰዓቱን ሁሉ ብቻውን እዚያው ሲሠራ እንደዋለ ነገራት። ስለ ሟቹ ስትጠይቀው አጭር ነበር፤ ስለ ሙዚቃው ስትጠይቀው ግን አፉ ተፈታ።

«እዚህ መሃል ላይ ይቀመጡ። ወደ ቀኝ አይዘንበሉ፤ መሃል!» አላትና አራተኛውን ዘፈን ከፈተላት። ከግራ ጊታር መጣ፤ ከቀኝ ሳክስፎን መለሰለት። «ሰሙት? ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እስካሁን ከእኔ በቀር የሰማው የለም፤ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

«ቆንጆ ነው» አለች ወንፊት። እውነትም ቆንጆ ነበር፤ ያናደዳትም እሱ ነው።

በማግስቱ ረፋድ አራቱንም ማዳመጫ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ ካቴና የያዘ ፖሊስ አስከትሎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዐይኑ ዘፋኟ ላይ ነው።

«ሟቹ መጨረሻ የጻፈውን ከእኔ በቀር ያየው የለም» አለች ወንፊት። «ላንብብላችሁ። ‹ድምፃዊቷ ትችላለች ለማለት ያህል ትችላለች። አልበሙን አልበም ያደረገው ግን አቀናባሪው ነው። አራተኛው ዘፈን የእጁን ጥበብ ያሳያል። እንዲህ ያለ ቅንብር በዚህ ዘመን አልተሰማም።› አለቀ።»

«ይሄ የወንድሜ አይደለም» አሉ እህትየው። «ወንድሜ እኔን እንኳ አመስግኖኝ አያውቅም።»

«ሙሉውን አላነበቡትም» አለ አቀናባሪው። «የጊታሩን ዘለሉት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አቀናባሪው ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ዘለልኩት» አለች ወንፊት። «አንተ ግን መኖሩን በምን አወቅህ?»

«እ... ስለ አራተኛው ዘፈን ከተጻፈ መቼም...»

«ተቀመጥ። አለቃ፣ አንተም ካቴናውን ያዝልኝ፤ አቅጣጫ ይቀይራል። ጽሑፉ ጊታሩ በግራ ሳክስፎኑ በቀኝ ነው ይላል። ሐያሲው የሰማው ቅጂ ግራና ቀኝ የለውም፤ ጊታሩ ከበሮው ስር ተቀብሯል። ስለዚህ ጸሐፊው እሱ አይደለም። አዘጋጁም የተጨፈለቀውን ነው የያዘው፤ ቢሰማውም ልዩነቱ አይገደውም። ዘፋኟም ያንኑ ነው የያዘችው። ደግሞ ሰው ገድላ በሟቹ ስም ስለ ራሷ የምትጽፍ ሴት ለራሷ ግማሽ መስመር፣ ለአቀናባሪዋ ገጽ ሙሉ ትሰጣለች? ዋናውን ቅጂ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ትናንት በገዛ አፉ ነግሮኛል።»

አቀናባሪው መነጽሩን አወለቀ። ዐይኖቹ ትንንሽና የደከሙ ነበሩ።

«‹ከበሮ ብቻ ነው የሰማሁት› አለኝ» አለ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ! ዋናውን ላሰማህ ብዬ ለመንኩት። ‹ለአንተ የሰማሁት ይበቃል፤ ስለ እሷ ግን ጽፌያለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ስለ እሷ! እኔ የሠራኋትን!» ወደ ዘፋኟ አላየም። «ዋንጫው ቅርብ ነበር።»

«ከዚያ የጻፈውን ፈልገህ አጣህ፤ የራስህን ጻፍህ። አንድ ሰው ገድለህ መሸሽ ሲገባህ ቁጭ ብለህ ራስህን አሞገስህ።» ወንፊት ንቀቷን አልደበቀችም። «እኛን በጽሑፍህ የጠራኸን አንተው ነህ።»

ፖሊሱ ካቴናውን አጥልቆ አወጣው። ወንፊት ወደ እህትየው ዞረች። «እትዬ፣ እሱ ያጣው ጽሑፍ እርስዎ ዘንድ ነው አይደል?»

እህትየው ከቦርሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ፤ በእርሳስ የተጻፈ ነው። «ሁልጊዜ በእርሳስ ጽፎ ለእኔ ይሰጠኛል። ፍርድ ቤት የሚያስኬደውን ስድብ አውጥቼ እመልስለታለሁ፤ ከዚያ ኮምፒዩተር ላይ ይጽፈዋል። ማንም እንዳያውቅ አስምሎኝ ነበር። ይሄንን ትናንት ጠዋት ነው የሰጠኝ፤ ገና አልነካሁትም።»

ወረቀቱን ለዘፋኟ ሰጧት። ጮክ ብላ አነበበች፦

«‹ግጥሙ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ደብዳቤ ነው። የሽፋኑ ፎቶ ሕፃን ያስለቅሳል። አቀናባሪው መሣሪያውን ሁሉ እንደ መኪና ጭነት ደርድሮ ሴትየዋን ከስሩ ቀብሯታል። እኔ ግን ሦስቱን ሰምቼ መዝጋት ሲገባኝ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ይህች ሴት መዝፈን ትችላለች። ይህን ለመጻፍ በመገደዴ አዝናለሁ።›»

አንብባ ስትጨርስ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ለእስር ይዛው የመጣችውን ሻንጣ ከእግሯ ስር ገፋ አደረገችው።

አዘጋጁ ከወንበሩ ተነስቷል። «ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት ይገባል! ለእርስዎ ስንል ስድቡን ትንሽ እናለዝበዋለን...»

«አንድ ቃል እንዳትነኩ!» አለች ዘፋኟ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ። «ስድቡ ከጎደለ፣ እሱ ነው ያመሰገነኝ ብል የሚያምነኝ የለም።»