ማክሰኞ የሚመጣው አዘዘ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ የደረሰ ነው።

አንብባችሁ «ሽማግሌው ቃዥቷል» ብትሉ አልቀየማችሁም... እኔም አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ለራሴ እንደዚያው ስል ኖሬአለሁ።

ጊዜው ግንቦት 1970 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቦታው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም የማይርቀው ቤቴ።

በጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን እጠረጥር ነበር። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ደሞዝ እባላለሁ። ያኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበርሁ። መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ ከሥራ ውጭ ደግሞ የቀበሌያችን አጣሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ባለቤቴ ሰገነት፣ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች።

አዘዘ ወደ ዘጌ የሚመላለስ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር። ረጅም፣ መልከ መልካም ሰው።

በየማክሰኞው ቤታችን ይመጣል። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ።

«ሎሚ ሊያደርስልኝ ነው» ትለኛለች ሰገነት።

እውነት ነው፣ ሎሚ አለ። ግን አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስመለስ በር ላይ ቆመው ሲንሾካሾኩ ደረስሁ። ሲያዩኝ ዝም አሉ። አዘዘ እጅ ነሥቶኝ ሄደ።

እሷ ግን ፊቷ ላይ የቀረውን ፈገግታ መደበቅ አልቻለችም...

እንደዚያ ያለ ፈገግታ ለእኔ አሳይታኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልኝ አለ። ወጥ ስትጨልፍ እጇን አያለሁ። ቀሚስ ስትቀይር «ለማን ነው?» እላለሁ፣ በልቤ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አዘዘ ተያዘ። ከጀልባው መቀመጫ ሥር የተከለከለ ወረቀት ተገኘ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሊቀ መንበሩ ዳኘው፣ ጡረታ የወጡት መምህር ወልደ ሐዋርያት፣ እና እኔ።

«አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበት» አለ ዳኘው። «ዛሬ አንዱን ካልገደልን ነገ መቶ ይነሣብናል።»

መምህር መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሰሩት። ሃያ ዓመትም ቢሆን እሰሩት። የታሰረን ሰው፣ ተሳስተናል ካልን በር ከፍተን እናስወጣዋለን። የገደልነውን ከየት እናመጣዋለን?»

«በእነዚህ ሰዎች እጅ ያለቁትስ? ለእነሱ ማን ይፍረድላቸው?»

«ይፈረድላቸው። አይፈረድ አላልሁም። ግን እጁን አስረህ ያቆምኸውን ሰው መግደል ከነፍሰ ገዳይ ሥራ በምን ይለያል?»

«በማኅተሙ» አለ ዳኘው።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ነገ አስቤበት ልምጣ» ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ወደ መምህር አዘንብሎ ነበር።

ቤት ስገባ ሰገነት እግሬ ላይ ወደቀች።

«ደሞዝ... አስፈታው።»

«ምንሽ ነው?»

«ምኔም አይደለም። አትጠይቀኝ። ብቻ አስፈታው።»

ታይፎይድ ይዞኝ ልሞት ስል እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

«ይፈታል» አልኋት።

በማግሥቱ ከዳኘው ጋር ፈረምሁ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ዓባይ ዳር ተፈጸመ። የፈረመ ሰው መገኘት ነበረበትና ቆሜ አየሁ። ሁለት ጥይት፣ አንገቱ ሥር። አፈር እስኪለብስ አልሄድሁም።

ይህን በዝርዝር የምነግራችሁ በኋላ እንዳትጠራጠሩ ነው።

«ለማንም አይነገርም» ተባልን። እኔም ለሰገነት አልነገርኋትም። ለእሱ ስታለቅስ ማየት አልፈለግሁም። ያን ዕለት ምሳዬን አጣጥሜ በላሁ...

ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ቤት ገባሁ።

ሰገነት በር ላይ ትጠብቀኛለች። አንገቴን አቀፈችኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ስለምኑ?»

«ስላስፈታኸው።»

«ማንን?»

«አዘዘን ነዋ። አሁን ነው የሄደ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

መቀመጫው ርጥብ ነው።

«እሱ ተቀምጦበት ነው» አለች። «ልብሱ እንደራሰ ነው የመጣ።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም። ጉሮሮውን አሞታል መሰለኝ፣ አይናገርም። በዚህ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ... ምግብ ሰጠሁት፣ አልነካም። ዝም ብሎ እያየኝ ተቀመጠ።»

እመኑኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አይደለም። ቅናት ነው። «እያየኝ ተቀመጠ» ያለችው ነው ያቃጠለኝ።

«ለምንድን ነው የሚመጣው?» ብዬ ጮህሁባት።

ከደረቷ ወረቀት አወጣች።

«ከእንግዲህ አልደብቅህም። ተክለ ጊዮርጊስ አልሞተም።»

ተክለ ጊዮርጊስ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከጠፋ ዓመት ሆኖታል፤ ሞቷል ብለን ነበር። ለካ ዘጌ፣ ቡናው ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። አዘዘ በየማክሰኞው የሚያመጣው የእሱን ደብዳቤ ነው። እኔ የኮሚቴ ሰው ስለሆንሁ ፈርታ ደበቀችኝ።

ያ ፈገግታ ለወንድሟ ነበር።

ወረቀቱን ነጠቅኋት። ርሷል፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀም። ከላይ ቀን ተጽፎበታል።

ትናንት... ሰኞ።

አዘዘን ከቀበርነው ከሁለት ቀን በኋላ።

ወደ መምህር ወልደ ሐዋርያት ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው።

«መምህር፣ አብጃለሁ ይላሉ?»

«አልልም» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ እኔ ምን ላደርግልህ እችላለሁ? ይግባኝ የሚልበት ቦታ እንኳ አልተውንለትም።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ማለዳ በሌላ ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። ቤቴ ሳይደርስ ልቅደመው ብዬ። አዎ፣ አሁንም ቅናት ነበር...

ተክለ ጊዮርጊስን ከቡናው መሀል አንዲት ጎጆ ውስጥ አገኘሁት። ሲያየኝ ሊሮጥ ተነሣ።

«አትፍራ» አልሁት። «ሰገነት ናት የላከችኝ።»

«ለእሷ የጻፍሁትን ደብዳቤ አሁን ለአዘዘ ሰጠሁት እኮ። መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም?»

ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ጎጆው ያለችው አንዲት ቀጭን መንገድ ናት። ማንም አላለፈኝም።

«አላናግርህ አለኝ» አለ ልጁ። «ተቀይሞኛል። እውነቱን ነው... ያን ወረቀት ጀልባው ውስጥ የደበቅሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም ነበር።»

መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

«ምን ሆንህ፣ ጋሼ?»

እየተደናቀፍሁ ወደ ሐይቁ ወረድሁ።

ስመለስ ጀልባዋ ላይ እኔና ነጂው ብቻ ነበርን። ከአጠገቤ ያለውን ቦታ ደጋግሜ አየሁት። ባዶ ነው። ነጂው ግን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ «ጠጋ በሉ፣ ወደ አንድ ጎን አጋደለች» አለኝ።

አንድ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ «በሉ» አለኝ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ሰገነት ውኃው ዳር ቆማለች። ልነግራት ቆርጬ ነበር። ፊርማዬን፣ ቅዳሜን፣ ሁሉንም።

«ሰገነት» አልሁ።

አልሰማችኝም። ዓይኗ ከግራ ትከሻዬ ወዲያ ነው።

እጇን ዘረጋች። ለእኔ አይደለም።

ጣቶቿ አየር ላይ የሆነ ነገር ጨበጡ። ክንዷ በክብደት ወደ ታች ተሳበ... ደገፍ አድርጋ ጎተተች።

ጀልባዋ ሰው እንደወረደላት ቀለል ብላ ከፍ አለች።

እኔ ገና አልወረድሁም ነበር።