ቅቤ የነካው ስለት

ማራናታ ታዴዎስን ከማየቷ በፊት ሰማችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከኋላዋ ሰዓቱ የሚጮኽ ሰው የተሰለፈ መሰላት።

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የኦካዳ የጃፓን ዳቦ ቤት ነበር። የአሁኗ ባለቤት፣ አሮጊቷ ሚስስ ኦካዳ፣ ከአባታቸው የወረሱት፣ አባታቸውም ከአባታቸው የወረሱት ጠባብ ቤት ነው። ደንበኛው ሲገባ ትሪና መቆንጠጫ ያነሣና በየመደርደሪያው ከተኮለኮሉት ሆዳቸው የተሞላ ጣፋጭ ዳቦዎች የወደደውን ራሱ ይለቅማል። እዚያ ቤት ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። ማራናታ ግን ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ ለእኅቷ ለሜሪ ዜና ታስተላልፋለች።

«ሜሪዬ ሙች! ዳቦ ውስጥ ቦሎቄ ከትተውበታል። በስኳር! እነዚህ ሰዎች የሚጸልይላቸው የለም እንዴ?»

«ቀምሰሽ ፍረጂ» አላት አንድ ድምፅ በአማርኛ።

ዞር አለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከመሳቁ በፊት ዓይኑ የሚስቅ ልጅ። የምትገባበት ጠፋት፤ እፍረቷን ለመሸፈንም ሌላ እፍረት ጨመረችበት።

«ሰዓትህ ግን እንቅልፍ ያስተኛሃል?»

«ሰዓት አላሰርኩም።» በመቆንጠጫው ጫፍ ደረቱን ነካ አደረገ። «እዚህ ነው። የልብ ቫልቭ፤ ብረት ነው። ልጅ እያለሁ ነው የገጠሙልኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ውይ፣ አይዞህ» ይል ነበር። ማራናታ ግን የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ ናት፤ ሰው አካል ውስጥ የሚገባ ብረት አያስደነግጣትም።

«ባትሪው ስንት ጊዜ ይሠራል?»

ሳቁ ገንፍሎ ወጣ። ሚስስ ኦካዳ ከሒሳብ መክፈያው ጀርባ ቀና አሉ። ሲስቅ ድምፁ ፈጠነ፤ ቀጭቀጭቀጭ። ማራናታም እዚያው ቆማ፣ ትሪ እንደያዘች፣ በዚህ ዓለም ላይ አንድን ወንድ በማሳቋ ልቡ ሲፈጥን በጆሮዋ የሰማች ሴት እርሷ ብቻ ሳትሆን አልቀረችም ብላ አሰበች።

አስደሳች ሐሳብ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። የሚሰማ ነገር እኮ የሚቆምም ነገር ነው።

*

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ መገናኘት ያዙ። እርሱ ክሪስታል ሲቲ ቢሮ የሚውል የኮምፒውተር ሰው ነው፤ እናቱን ይዞ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ይኖራል። እርሷ ከዳቦ ቤቱ ብዙ ሳትርቅ ከሜሪ ጋር አፓርትመንት ተጋርታለች። ዳቦውን ለሁለት ይገምሱታል፤ የቦሎቄው ጥቁር ቀይ ድቁስ መሃሉ ላይ ይታያል፤ ከዚያ ማንም ሳያወራ ይቆያሉ። ዝምታቸው ግን መቼም ሙሉ ዝምታ አይደለም።

በበጋው መጨረሻ ድምፁ መዝለል ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ… ቀጭ። ታዴዎስ «ትራፊክ ነው» እያለ ቀለደበት። ሐኪሙ ግን አልቀለደም፤ ብረቱ ዙሪያ ሥጋ በቅሎበታል፣ መቀየር አለበት አለ። ደረት ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት ከመጀመሪያው ይከብዳል አለ። ቀኑ ተቆረጠ፤ በጥቅምት፣ ማክሰኞ።

እናቱ ወይዘሮ ውብነሽ ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። መስከረም ሊያልቅ ሲል የሚገባውን የጽጌን ጾም ተሳሉ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ማንም አያስገድድዎትም። ለዚህ ነው እናቶች ለስለት የሚመርጡት፤ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ነገር ግዴታ ያልሆነ ሲሆን ይከብራላ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። «ልጄን ከጠረጴዛው አንሥተህ ስጠኝ፤ እኔ አንዲት ጠብታ ወተት አልቀምስም» አሉ።

ስለ ማራናታም ያኔ ነው የሰሙት።

«ማን አልከኝ ስሟን?»

«ማራናታ።»

«የሰው ስም ነው የጉባኤ?»

«እማዬ…»

«ጴንጤ ናት በለኝና እንረፍ። አንተ አልጋ ላይ ልትወጣ ነው፤ ደግሞ ይኼን ጨመርክልኝ?» አሉና በሩን ሳይሆን ፊታቸውን ዘጉ። የውብነሽ ፊት ሲዘጋ ከበር ይብሳል።

ታዴዎስ ግን ተቻኮለ። ሁልጊዜ ነገር የማያስቸኩለው ልጅ ድንገት ሩጫ ያዘው። «ዛሬ ከዚህ እናቴ ጋ እንሄዳለን» አላት አንድ ቅዳሜ ዳቦ ቤቱ ውስጥ።

«ምን ይዤ? ጾም ላይ አይደሉ እንዴ? እኔ የእናንተን ጾም አላውቀውም፤ ምን እንደሚቻል…»

«ይኼንን ውሰጂላት» አለና መቆንጠጫውን ወደ ቦሎቄ ዳቦው ዘረጋ።

«ይሆናል?»

«ቦሎቄ እኮ ነው» አለ። ሲናገር የሚያየው ወደ መስኮቱ ነበር። ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ቅጠል እየረገፈ ነው፤ ቁራዎች ይለቃቅማሉ።

*

ወይዘሮ ውብነሽ ካርቶኑን ከፍተው ረጅም ጊዜ አዩት። ዳቦዎቹ ክብ፣ ቡናማ፣ አናታቸው ላይ ሰሊጥ የተነሰነሰባቸው ነበሩ። ያብረቀርቃሉ።

«የጾም ነው?» ብለው የጠየቁት እርሷን አይደለም፤ ልጃቸውን ነው።

«ቦሎቄ ነው እማዬ።»

ቆረሱ፤ ቀመሱ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሳያስቡት ተከፈተ። «ጃፓን ጾም ያውቃል ለካ!» አሉ። «እኛ በሽሮ ስንንገላታ እነርሱ እንዲህ ይጾማሉ?»

«አንድ ይድገሙ እንጂ እትዬ» አለች ማራናታ።

«ተይ፣ ሆዴ ለምዶ እንዳያስቸግረኝ» አሉና ደገሙ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ካርቶን ይዛ መጣች። በአራተኛው ጉብኝት ሻዩን ለእርሷ ቀድመው ቀዱላት። ቤት ሲገባ ታዴዎስን «ያች ልጅ ዛሬ አትመጣም?» ማለት ጀመሩ። ስሟን ግን አይጠሩም፤ መጥራቱ በእርሷ ጉባኤ መጸለይ እንዳይሆንባቸው ይሆናል። እርሱ በሁለቱ መሃል ተቀምጦ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ያያል። የሚያይበት ሁኔታ ማራናታን ያስፈራት ነበር። ሻንጣ ዘግቶ የረሳው ነገር እንዳለ ክፍሉን ዞር ብሎ የሚቃኝ መንገደኛ ይመስላል።

ማክሰኞ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማራናታ ወደ ዳቦ ቤቱ ብቻዋን ገባች። ታዴዎስ መራመድ ስላደከመው መኪና ውስጥ ቀረ። የጓሮው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ወጣቱ ጋጋሪ ትልቅ ነጭ ነገር እየቆረጠ ሊጥ ላይ ይጥላል፤ አጠገቡ ያለችው ልጅ ደግሞ የቦሎቄ ዳቦዎቹን አናት በብሩሽ ትቀባለች። ቢጫ፣ ዝልግልግ ያለ።

«ምንድን ነው የምትቀባው?» ብላ ሚስስ ኦካዳን ጠየቀች።

«እንቁላል» አሉ አሮጊቷ ኩራት እያላቸው። «ለዚህ ነው የሚያበራው። ሊጡ ደግሞ ቅቤና ወተት አለው። በአያቴ ጊዜ እንደነበረው።»

ማራናታ ትሪውን አስቀመጠች።

«ጓደኛሽ ግን ምን ሆኖ ነው?» አሉ ሚስስ ኦካዳ። «ያለ ቅቤ ያለ እንቁላል ልትሠሪልኝ ትችያለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መስከረም ማለቂያ ላይ። እንደዚያ ከሠራሁት የእኛ ዳቦ አይሆንም አልኩት። እሺ ብሎ የተለመደውን ወሰደ።»

*

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ካርቶኑስ?» አላት።

«ታውቅ ነበር።»

ሞተሩን አጠፋው። አሁን የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀጭ… ቀጭ፣ ቀጭ…

«አውቅ ነበር።»

«ለአንተ ሕይወት እኮ ነው የተሳሉት! የአንተን ልብ ይዘው ነው የሚጾሙት! አንተ በእኔ እጅ ቅቤ ታበላቸዋለህ?»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ በስለት አመንሽ?»

እርሷ ያደገችበት ቤት ስለት የለም፤ ጌታ አንዴ ከፍሎ ጨርሷል ተብላ ነው ያደገችው። ታዲያ ይህ ለምን አስፈራት? ማክሰኞ የሆነ ነገር ቢፈጠር፣ ውብነሽ ሳያውቁ እርሷ ግን እያወቀች፣ ዕድሜ ልኳን የዚያ ዳቦ ብርሃን ዓይኗ ላይ እንደሚቀር ታያት።

«እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ማር፣ ፕሊስ። ከማክሰኞ በኋላ።»

«ከማክሰኞ በኋላ የሚባል ነገር እንዳለ በምን አወቅህ?»

ይህን ማለቷን ወዲያው ጠላችው። እርሱ ግን አልተቆጣም። ሞተሩን አስነሣ። በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ነድተው ዊልሰን ድልድይ ላይ ወጡ። ከታች ወንዙ አመድ መስሏል። ድምፁ ዘለለ፤ እርሷም ትንፋሿን ይዛ ቀጣዩን ጠበቀች። መጣ። ደግሞ ዘለለ።

*

«ባዶ እጅሽን ነው?» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ እየሳቁ። ከዚያ ፊቷን አይተው ሳቁን ተዉት።

ማራናታ አልተቀመጠችም። «እትዬ፣ ያ ዳቦ የጾም አይደለም። ቅቤ አለበት። ወተትም፣ እንቁላልም።»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ይላል ጸጥታው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ልጄ ያውቅ ነበር?»

ማራናታ ይህን ጥያቄ መንገድ ላይ አላሰበችበትም። አዎ ብትል እናትና ልጅ ተቀያይመው ልጁ ቢላ ሥር ሊገባ ነው። አይ ብትል ሁሉም የእርሷ ይሆናል፤ ይህ ቤትም ይዘጋል፤ የውብነሽ ፊትም እንዲሁ።

«አያውቅም» አለች። «ሳልጠይቅ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን እሄዳለሁ።»

ቦርሳዋን አነሣች። የበሩ እጀታ ላይ እጇ ሲያርፍ፣

«አውቅ ነበር እማዬ» አለ ታዴዎስ።

ወይዘሮ ውብነሽ ተነሥተው ወደ ማዕድ ቤት ሄዱ። የቧንቧ ድምፅ ተሰማ። አፋቸውን ተጉመጠመጡ። አንዴ አይደለም፤ ደጋገሙት፤ ከሳምንታት በፊት የገባውን የሚያወጡ ይመስል። ሁለቱ ወጣቶች ከሳሎን ሆነው ይህን ሲሰሙ ከዚያ ይልቅ ስድብ በወደዱ ነበር።

ተመልሰው መጡ፤ አገጫቸው ይንጠባጠባል።

«እኔ አንተን ከእግዜር እጅ እየጎተትኩ፣ አንተ እጄን ቅቤ ትቀባኛለህ? እንዲሾልክብኝ?»

«በሩን ዘጋሽባት እማዬ። ስሟን ሰምተሽ ዘጋሽው። ያን ዳቦ አንዴ ስትቀምሺ ፊትሽን አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ።»

«ለሆዴ ብዬ የምቀበላት መሰለህ?»

«ጊዜ አልነበረኝም!» ጮኸ፤ ሲጮኽ ደረቱን ያዘ፤ ሁለቱም ሴቶች ወደ እርሱ አንድ እርምጃ ዘለሉ። እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። «ጊዜ አልነበረኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ከማክሰኞ በፊት እንድትዋደዱልኝ ነበር። እኔ ባልመለስ… አንቺ ከማን ጋር ታለቅሻለሽ? እሷስ? በዚህ አገር ሁለታችሁም የየብቻችሁን ስታለቅሱ ታየኝ። ያን ነው መቋቋም ያቃተኝ።»

ማራናታ ለሳምንታት ያስፈራት አስተያየቱ ምን እንደነበር አሁን ገባት። እያወረሳቸው ነበር። አንዷን ለሌላዋ።

ወይዘሮ ውብነሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስልካቸውን አውጥተው ለነፍስ አባታቸው ለቀሲስ ወልደአምላክ ደወሉ። ቀሲስ ሀያትስቪል ወደሚደረግ የሕፃን ክርስትና እየነዱ ነበር፤ የመኪናቸው ፍሬቻ በስልኩ ጢቅ ጢቅ ሲል ይሰማል። ነገሩን ሰምተው ረጅም ተነፈሱ። «ሳታውቂ የበላሽው አይያዝብሽም ውብነሽ። ያወቀው ግን ይጾማል፤ ሲድን። አሁን አደባባይ ላይ ነኝ፣ ቻው» አሉ።

«ሲድን» ያሉት ቃል ክፍሉ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ሴትዮዋ ወደ በሩ ዞሩ። «አንቺ ለምን ዋሸሽኝ?»

«እንዳትጣሉ ነው።»

«ተቀመጪ። እናንተ ጋ ጾም የሚባል ነገር አለ?»

«እንጾማለን እትዬ።»

«ምን እየበላችሁ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ውሃ ብቻ። ሦስት ቀን።»

ወይዘሮ ውብነሽ አዩዋት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከእግር እስከ ራስ። «ሽሮም የለ?»

«የለም።»

«እግዚኦ» አሉ፤ በአነጋገራቸው ክብር ነበረበት። «እንግዲያው አንቺ በአንቺ፣ እኔ በእኔ። ተካፍለን እንያዘው። ለአንድ ሰው ከባድ ነው ይኼ ልጅ።»

*

ሰኞ ማታ ሆስፒታሉ ታዴዎስን ምንም እንዳይቀምስ ከለከለው። «ሦስታችንም ጾመኞች ሆንን ማለት ነዋ» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ማንም አልሳቀም። ማክሰኞ ጠዋት አልጋው እየተገፋ ሲሄድ ማራናታ ጎን ለጎን ተራመደች፤ ባለ ሁለት ክንፉ በር ተከፍቶ ዋጠው፤ ድምፁም አብሮ ተቆረጠ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም።

ሁለቱ ሴቶች ትይዩ ተቀመጡ። አንደኛዋ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ ሌላኛዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ይጸልያሉ። ይበቃል የተባለው ሰዓት አለፈ። ከዚያ በላይ አለፈ። አንዲት ነርስ እየሮጠች በዚያ በር ገባች፤ ሌላ ተከተለቻት። ወይዘሮ ውብነሽ ወንበራቸውን ትተው መጥተው ከማራናታ አጠገብ ተቀመጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉላት፤ ክፍሉ ይበርዳል።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ወጣ። ፊቱ ከጭምብሉ በላይ ምንም አይናገርም።

«የታዴዎስ ቤተሰብ? እናንተ ምኑ ናችሁ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

ማራናታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ምኑም አልነበረችም፤ በወረቀት ላይ። ወይዘሮ ውብነሽ እጇን ይዘው ወደ ፊት ጎተቷት። ለአውቶቡስና ለኪራይ ብቻ የሚያወጡትን እንግሊዝኛ አወጡ።

«ማዘር» አሉ ደረታቸውን መትተው። ከዚያ በጣታቸው ወደ ጎን ጠቆሙ። «ዋይፍ።»

ሐኪሙ ጭምብሉን አወረደ። ልቡ አልነሣም ብሎ እንደነበር፣ እንዳስፈራቸው፣ ደጋግመው እንደሞከሩ በፍጥነት ተናገረ። ሌላም ጨመረ። ማራናታ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ወረደ።

ወይዘሮ ውብነሽ የሰሙት ፍጥነቱን ብቻ ነበር። ክንዷን ጨምድደው ያዙ።

«ምን አለ? አንቺ ልጅ፣ ምን አለ? ተናገሪ እንጂ!»

«ይመታል» አለች። «ልቡ ይመታል፣ እማዬ።»