ቀለም የዋጠው ፊት

የጋዜጣው አራሚ የሞተው መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከብረት መሰላሉ ሥር ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረው ሰውዬ ጭንቅላቱ የመደርደሪያ ጠርዝ መትቶ፣ በአሮጌ ጋዜጦች መካከል በጀርባው ተዘርግቷል። መነጽሩ አልተሰበረም። የኮቱና የሱሪው ኪሶች ግን አንድም ሳይቀር ተገልብጠዋል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ኪሶቹን አየች። ሰው ቸኩሎ ሲመልስላት «ቆይ እስቲ» ማለት ስለምታበዛ፣ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሜቴ ቆይ» ይሏታል።

«ገዳይዋ ተይዛለች» አለ ዋና አዘጋጁ በሩ ላይ ቆሞ። «ያቺ ልብስ አጣቢ ናት። ትናንት በር ላይ ስትጮህ ሰው ሁሉ ሰምቷታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሬሳው አጠገብ ተገኘች።»

«ቆይ እስቲ። ለምንድን ነው የጮኸችው?»

«ልጄ ጠፋች፣ ፎቶዋን አውጡልኝ ነዋ! አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ነዘነዘችን።»

«አላወጣችሁላትም?»

ትከሻውን ሰበቀ። «የባለ ፋብሪካው ልጅም በዚያው ቀን ጠፍታለች። አገር ምድሩ የሚጠይቀው ስለ እሷ ነው። ደግሞ እንዲያ የጠቆረ ፊት ለጋዜጣ አይሆንም፤ ቀለም ይውጠዋል። የሙያ ነገር ነው።»

እናትየዋን ዘበኛው ክፍል አስቀምጠዋታል። እጆቿ በሳሙና ብዛት ተላልጠዋል። የዛሬውን ጋዜጣ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች።

«ለምን መጣሽ፣ እህቴ?»

«አራሚው ነው የጠራኝ። ‹ነገ ጠዋት ነዪ፣ ትወጣለች› አለኝ። ከዚህ ቤት ሰው ወንበር የሰጠኝ እሱ ብቻ ነው። ጋዜጣውን በሩ ላይ አንስቼ ባየው፣ ጠቆር ያለች ልጅ! የኔ መሰለችኝ፤ ልቤ ቀጥ አለ። ላመሰግነው ስሮጥ ገባሁ።» ጋዜጣውን ከደረቷ አወረደችው። «ሞቶ አገኘሁት። ኋላ ደህና አድርጌ ባየው ፎቶው የልጄ አይደለም። ለእናንተም እኮ አመልክቼ ነበር፣ እመቤቴ።»

መርማሪዋ እጇን ዘረጋች። ጋዜጣውን ተቀበለቻት። የፊት ገጹ ላይ ያለችው የባለ ፋብሪካው ልጅ ናት፤ ከተማው አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በየግድግዳው የለመዳት ቀይ ልጅ። ዛሬ ግን ፊቷ ጭቃ መስሏል። ከሥሩ የተጻፈው ደግሞ፣ «የሰባት ዓመት ልጅ ናት። በግራ ክንዷ ላይ የፈላ ውሃ ያቃጠላት ጠባሳ አለ። እናቷ በልብስ አጣቢነት ትተዳደራለች» ይላል።

ፎቶውና ጽሑፉ የሁለት እናቶች ናቸው።

ገጽ አቀናባሪው ወፍራምና ቀልደኛ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ቀልዱ ጠፍቶበታል። «ጽሑፉ የአራሚው ነው» አለ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ፎቶዋን አምጥቶ፣ ‹ዋናው ሳይሰማ እናስገባት› አለኝ። አስገባሁ። አነበበ፣ ፈረመ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ከፈረመ በኋላ ገጹን ማን ይነካዋል?»

«ጽሑፉን ማንም አይነካም። አራሚ ከፈረመ ይቆለፋል፤ የቤቱ ሕግ ነው። ፎቶ ግን ማተሚያ ቤት እስኪገባ ይቀየራል። እኔ፣ ዋናውና ዘጋቢዋ እንችላለን።»

«የልጅቷ ፎቶ ጥቁረቱ አላስቸገረህም?»

አኮረፈ። ከመሳቢያው የትናንቱን ገጽ የሙከራ ሕትመት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። የልብስ አጣቢዋ ልጅ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይቆጠራል።

«ሟቹ ወረቀት የት ያስቀምጥ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«እሱ? የመጣ ደብዳቤ ሁሉ መዝገብ ቤት፣ የመጣበት ቀን በተጻፈበት ሣጥን ካልገባ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።»

ዘጋቢዋ ትናንት ከቀትር ጀምሮ ከባለ ፋብሪካው ቤት አልወጣችም፤ ቤተሰቡ በሙሉ መሰከረላት። ስታለቅስ ግን ያስለቀሳት መጠርጠሯ አልነበረም። «የአንደኛዋን ልጅ የአሻንጉሊቷን ስም ሳይቀር አውቃለሁ» አለች። «የሌላዋን የራሷን ስም እንኳ አልጠየቅኩም።»

መርማሪዋ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመለሰች። ልጆቹ ከጠፉበት ቀን ጀምራ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ከአራተኛው ቀን ሣጥን አንድ ደብዳቤ አወጣች። ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ መሰላሉ ላይ ተቀመጠችና እንደገና አነበበችው። ስትነሳ ፊቷ የሌላ ሰው ሆኗል። ለጣቢያዋ ስልክ ደወለች፣ ከዚያ ሁሉም በስብሰባ አዳራሹ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

«ከሟቹ የተፈለገው ወረቀት ነው» ብላ ጀመረች። «ኪሶቹ የተገለበጡት ለዚያ ነው። ገዳዩ ወረቀቱን አጥቶ ሄደ፤ ፎቶውንም ቀየረ። ጽሑፉ ተቆልፏልና እንዳለ ቀረ። እናትየዋ የገጽ አሠራር አታውቅም። ዘጋቢዋ እዚህ አልነበረችም። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ፊቷን ወደ አቀናባሪው መለሰች።

«ፎቶ ከመግባቱ በፊት ምን ታደርገዋለህ?» አለችው።

«አፈካዋለሁ። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይጠጣላ! የቀላውንም የጠቆረውንም ፊት አፈካለሁ። አለዚያ ሁሉም ከሰል ሆኖ ነው የሚወጣው። እጄ የለመደው ነገር ነው።»

«ቀይዋ ልጅ ዛሬ ጠቁራ የወጣችው ሳትፈካ ስለገባች ነው። ያስገባት ሰው፣ ቀይ ፊት በራሱ ይደምቃል፣ ጥቁሩን ብቻ ቀለም ይውጠዋል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እንዲህ ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ዋና አዘጋጁ ዞሩ።

«ገፋሁት እንጂ» አለ። «ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም። የደበቅኩትን ደብዳቤ ከመሳቢያዬ ወስዶ በጋዜጣ አወጣዋለሁ አለኝ። አልቆልኝ ነበር! ፎቶዋ ብቻ ቢወጣ እንኳ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው አይቶ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር ማለቱ አይቀርም።»

«የምን ደብዳቤ ነው?» አለች እናትየዋ።

መርማሪዋ ደብዳቤውን ማንበቡ ከበዳት፤ ግን አነበበችው።

«ከመናኸሪያው ቲኬት ቆራጭ ነው። ‹ግራ ክንዷ ላይ ጠባሳ ያለባት ልጅ እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ሦስተኛ ቀኗ ነው። እናቴ ትመጣለች ትለናለች። ትናንት አንዲት ፖሊስ ጋዜጣ ይዛ መጥታ፣ ከፎቶው ጋር አስተያይታት፣ ይቺ አይደለችም ብላ ሄደች። ታዲያ ይቺስ የማን ናት?›»

ወረቀቱን አጠፈችው።

«ሰዎቼ አሁን መናኸሪያው ውስጥ ናቸው። ወንበሩ ላይ ከስምንት ቀን ወዲህ ያያት የለም። ፖሊሷ ደግሞ እኔ ነኝ።»

እናትየዋ ጠረጴዛውን ይዛ ተነሳች። ትጮሃለች ብለው ሁሉም ጠበቁ። እሷ ግን በለሆሳስ፣ «አይተዋታል?» አለች።

«አይቻታለሁ።»

«ጫማ አድርጋለች? ታለቅስ ነበር?»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። ወንበሩ በሐሳቧ መጣላት፤ እጇ ላይ የነበረው ጋዜጣም፣ የቀይዋ ልጅ ፈገግታም መጣላት። ከጋዜጣው ቀና ስትል ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ደጋግማ ሞከረች። ልጅ የነበረችበት ቦታ ላይ ምንም የለም።

«አላስታውስም፣ እህቴ» አለች። «ይቅር በዪኝ፤ ምንም አላስታውስም።»

እናትየዋ ጠረጴዛውን ለቅቃ ወደ እሷ ተጠጋች።

«ቡናማ ሹራብ ነው የለበሰችው» አለች። «እጅጌው ረዝሞባት አንድ ጊዜ አጥፌላታለሁ። ይጻፉት።»

መርማሪዋ እስክሪብቶ አወጣች።