በየትኛው ስሙ ጠራኸው

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ በዛር፣ በጠንቋይ፣ በመንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ዛሬም አላምንም፣ እንዲያውም ሰው እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀምር ሰበብ ፈልጌ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህ ሰውዬ ቃዠ ከማለትህ በፊት እስከ መጨረሻው ታገሰኝ። የተማርኩት ሳይንስ ነው። ባሕር ማዶ ተልኬ የመጀመሪያውን ዲግሪ ከያዝኩ በኋላ ለሁለተኛው ስለ ድምፅ ማጥናት ጀምሬ ሳለሁ ጣሊያን አገራችንን ወረረ፣ እኔም ትምህርቴን አቋርጬ በሱዳን በኩል ጎጃም ገባሁ። የመጣሁት ልዋጋ ነበር፣ ግን መንገድ ላይ የያዘኝ ወባ ጉልበቴን ጨርሶት እንደ ምንም ቤት ደረስኩ። ጣሊያን የተማረ ሰው እያደነ መሆኑ ሲሰማ ደግሞ እናቴ ከመንደራችን ንቅንቅ እንዳልል ገዘተችኝ። ቤታችን ከደጀን ወዲህ፣ ከዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ነው።

ታዲያ ተደብቆ የሚኖር ሰው ምን ይሠራል? መጻሕፍቴ ባሕር ማዶ ቀርተዋል፣ መሣሪያ የለኝ፣ ያለኝ ጆሮዬ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከልጅነቴ ወደምወደው ነገር ተመለስኩ። ሲመቱት የሚጮህ ድንጋይ እየፈለግሁ እሰበስብ ነበር፣ አንዱን እንዲያውም ለደብራችን ደወል እንዲሆን ሰጥቻለሁ፣ ሸምበቆ እየቆረጥኩ ዋሽንት እሠራ ነበር፣ ከሁሉ የበለጠ የምወደው ግን የገደል ማሚቶ ነበር። አትሳቅብኝ። ገደል ሁሉ ጠባዩ ለየቅል ነው፣ አንዱ የነገርከውን ቶሎ ይመልሳል፣ አንዱ አኝኮ አኝኮ ይተፋዋል፣ አንዱ ደግሞ የቃሉን ጅራት ብቻ ይዞ ይቀራል። እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ አንድ ቃል እጮህና፣ የእጄን የደም ሥር ይዤ በምቱ እየቆጠርኩ፣ ማዶው ምን ያህል እንደሚርቅ አሰላ ነበር። የመንደሩ ሰው ይህን አይቶ ስም አወጣልኝ፣ ማሚቶ የሴት ስም አይደል፣ "የማሚቶ ባል" አሉኝ። ውሃ ልትቀዳ የምትወርድ ሴት ሁሉ "ባለቤትህ እንዴት አደረች?" ትለኛለች፣ እኔም "ደህና ናት፣ እኔ ካልጀመርኩ አትናገርም" እላለሁ፣ ስቀን እንለያያለን።

አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ፣ አለኸኝ ይባላል። አባታችን የሞተው እናታችን እሱን አርግዛ ሳለች ነው፣ ሲወለድ አቅፋ "አንተ አለኸኝ" አለችው፣ በዚያው ስሙ ሆኖ ቀረ። እኔ ስማር እሱ አረሰ፣ እኔ በወባ ስወድቅ እሱ ጠመንጃ ይዞ አርበኞችን ተከተለ፣ አልፎ አልፎም በገደሉ መንገድ ሹልክ ብሎ እየመጣ ያየን ነበር። ስጠራው እንደ እኩያ "ወይ" አይለኝም፣ ታላቁ ነኝና "አቤት" ነው የሚለኝ፣ ያውም "አ"ዋን ሳብ አድርጎ፣ ሥራ ያልጨረሰ ሰው እንደሚለው። ታዲያ ወደ ደምበጫ በኩል በተደረገ አንድ ውጊያ ጠፋ። ጓደኞቹ ተመለሱ፣ ሲወድቅ ያየው የለም፣ ሲያመልጥም ያየው የለም፣ "ጭጋግ ነበር፣ ተለያየን" ከማለት ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም።

ዓመቱ ሊሞላ ሲቃረብ የነፍስ አባታችን መጡ። እንደሚታወቀው ቄስ ሰውን የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፣ እናቴንም "ወለተ ኪዳን፣ አርባው አለፈ፣ ዓመቱም ደረሰ፣ ነፍሱን አታንገላቺው፣ ተዝካሩን አውጪለት" አሏት።

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሰማቻቸውና "አባ፣ በሕይወት ያለ እንደሆነስ? ለቆመ ልጄ ተዝካር አውጥቼ በገዛ እጄ ልቅበረው?" አለቻቸው።

ጭንቁ ይሄ ነበር፣ ሞቶ ከሆነ ያለ ተዝካር ነፍሱ ትንከራተታለች፣ በሕይወት ካለ ደግሞ ተዝካሩ ሟርት ይሆንበታል፣ እናቴ በሁለቱ መካከል ተይዛ እህል አልወርድላት አለ። ልቧ ሲቆረጥ እያየሁ ምንም ማድረግ አለመቻሌ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቀን እህል እያበጠረች ሳለ ቀና ሳትል "ከገደል ጋር ያወራል ይሉሃል" አለችኝ።

"ይቀልዳሉ እማዬ።"

"ይቀልዱ። ቁስለኛ ሁሉ ታች ዋሻ ውስጥ ነው የሚተኛው ይባላል። ድምፅ የት ድረስ እንደሚሄድ የምታውቀው አንተ ነህ፣ እስቲ ጥራልኝ።"

"ሌላ ሰው ቢሰማስ?"

"ጥራልኝ ልጄ" አለች፣ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

በማግስቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ አፋፉ ሄድኩ። እመነኝ፣ ያን ቀን ጤነኛ ነበርኩ፣ ትኩሳት የለኝ፣ መጠጥ አልቀመስኩ፣ ነፋስ እንኳ አልነበረም። ከበላያችን በደጀን መንገድ ላይ የጣሊያን ካሚዮን ሲያቃስት ይሰማል፣ ከመንገዱ ዳር ደግሞ ባንዳ የሚጠብቀው ምሽግ አለ፣ ወንድሜን ባንዶቹ በስም ያውቁታል፣ ይፈልጉታልም። አለኸኝ ብዬ ብጮህ ቤታችን መቃጠሉ ነው። ስለዚህ በክርስትና ስሙ ልጥራው አልኩ፣ ወልደ ሰንበት ነው፣ ይህን ስም ከእናቴ፣ ከእኔና ከነፍስ አባታችን በቀር የሚያውቀው ሰው የለም፣ እሱ ግን ድምፄንም ስሙንም ያውቃል። ብልሃት ነበር የመሰለኝ።

እጄን አፌ ላይ ከብቤ "ወልደ ሰንበት!" ብዬ ለቀቅሁት። ያ ገደል ጅራት ከሚይዙት ነው፣ እንደ ልማዱ "ሰንበት" ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በዚያ ሰዓት የሚንጫጩት ሽኮኮዎች ሁሉ በአንዴ ዝም አሉ፣ ምነው ብዬ ጆሮዬን ሳቆም፣ ከማዶው ሳይሆን እኔ ከቆምኩበት ቁልቁል፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ "አቤት" ሲል ሰማሁ። "አ"ዋ ሳብ ብላለች።

መቼም ተማሪ ነኝና መጀመሪያ የመጣልኝ ምክንያት ፍለጋ ነው። ሰንበትና አቤት መጨረሻቸው ይቀራረባል፣ ድምፄ ሌላ ቋጥኝ ነክቶ ፊቱ ተፍቆ ቢመለስ አቤት ይመስላል፣ በቃ ይኸው ነው አልኩና የደም ሥሬን ይዤ ደግሜ ጠራሁ። ሰንበት በልማዱ ጊዜ መጣ። ቀጥሎ "አቤት" አለ፣ አሁን ግን ቀረብ ብሎ። ማሚቶ አይቀርብም፣ አንተ ካልተንቀሳቀስክ ማሚቶ በፍጹም አይቀርብም፣ ይሄ እምነት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ሰው ዳገት ሲወጣ እግሩ ሥር እንደሚንሸራተተው ያለ፣ "የት ጋ ነህ ወንድሜ?" እያልኩ ቁልቁል ወረድኩ፣ ቁጥቋጦውን በእጄ ገለጥኩ። ማንም የለም። ዓይን እስኪይዝ እዚያው ተቀምጬ ጠበቅሁ፣ ግን የመጣ ሰው አልነበረም።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

"እህ?"

"አቤት አለኝ እማዬ። ሁለቴ። ድምፁ ነው።"

ወዲያው ተንበርክካ መሬቱን ሳመች፣ "ተመስገን፣ ተመስገን" እያለች። ወንድሜ ከጠፋ ጀምሮ ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም፣ እኔም አብሬያት ማልቀስ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይታ ግን ምን ትዝ እንዳላት እንጃ፣ እጇ መሬቱ ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ።

"ባንዶቹ አልሰሙህም? በየትኛው ስሙ ጠራኸው?"

"በክርስትና ስሙ። እንዳያውቁት ብዬ።"

"ወልደ ሰንበት ብለህ?"

"አዎ።"

በጣም በቀስታ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ "ልጄ ቆሞ ሲሄድ በዚያ ስም ተጠርቶ አያውቅም። በዚያ ስም የሚጠራው ቄስ ነው፣ ሲጠመቅ፣ ሲቆርብ፣ ሲሞት ደግሞ ለፍትሐት። ከጠፋ ወዲህ ማን አቆረበው? በቁሙ ቢሆን ያን ስም ሲሰማ ማነው የተጠራው ይል ነበር" አለች።

ተከራከርኳት። ድምፄን ለይቶ ነው፣ በዚያ ስም ለምን እንደ ጠራሁት ገብቶት ነው፣ ቆስሎ መውጣት አቅቶት ነው፣ ያልኩት ነገር ሁሉ ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ ተነስታ ከጎተራው ለጠላ የሚሆን ገብስ አወጣች፣ መልቀምም ጀመረች። ዓመቱን ሙሉ ሞተ እንዳይሆንባት አፍና የያዘችውን ለቅሶ ያኔ ነው የለቀቀችው፣ ገብሱ ላይ እንባዋ ጠብ ጠብ እያለ።

በማግስቱ በጠዋት ወረድኩ፣ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ ዋሻ ለዋሻ ዞርኩ፣ ያገኘሁት ነገር የለም። ተዝካሩ ወጣ። ካህናቱ ወልደ ሰንበትን ከሙታን ጋር ጠሩት፣ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው ከየበረሃው ተመለሰ፣ ተዝካራቸው የተበላላቸው ሳይቀሩ ጢማቸውን አንዠርገው መጥተው በየደጃፋቸው ቆሙ፣ ወንድሜ ግን አልመጣም። እናቴም ለነፍሱ የሚገባውን አድርጌያለሁ ብላ፣ ልቧ ዐርፎ ነው የሞተችው፣ ወይም ያረፈች መስላ፣ ይህን ልጠይቃት አልደፈርኩም።

እኔ አሁንም አፋፉ ላይ እወጣለሁ፣ አሁንም እየጮህኩ እቆጥራለሁ፣ ድንጋዩን፣ ወንዙን፣ የወፉን ስም ሁሉ እጠራለሁ። ቆሞ ሲሄድ በሚጠራበት በዓለም ስሙ ግን ጠርቼው አላውቅም። ባንዳ የለ፣ ምሽግ የለ፣ የሚከለክለኝ ነገር የለም፣ ስንት ቀን "አለ" ብዬ ጀምሬ እዚያው ላይ አቁሜያለሁ። ዝም ቢለኝ ችግር የለውም፣ እናቴ ልክ ነበረች ማለት ነው፣ አልቅሼ እገባለሁ። አቤት ቢለኝስ?