ከግድግዳው ማዶ ያለው ቤዝ

መጋረጃ ሰፊዋ እናቷ ካረፉ ወዲህ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ብቻዋን ትሠራ ነበር። ደንበኞች የመስኮታቸውን ልክ ይዘው ይመጣሉ፣ ጨርቅ ይመርጣሉ፣ ይሄዳሉ። የሰው ቤት መስኮት ወርድና ቁመቱን በቃሏ ታውቃለች፤ ከመስኮቱ ጀርባ ገብታ ግን አታውቅም። እሑድ እሑድ ሌላ ከተማ ያለችው ታላቅ እህቷ ትደውልላታለች። ሌላውን ቀን የሚያናግራት የስፌት ማሽኗ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ የበተነቻቸው ስፒሎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ጎን ያለው ባዶ ክፍል ተከራይቶ ኖሯል። ቃል አይሰማ፣ ዜማ አይሰማ፤ ግድግዳውን ዘልቆ የሚመጣው ቤዝ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ታገሠች። በሦስተኛው ቀን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሄደች።

ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ በሚሸጥ የዘፈን ሸክላ ተሞልቷል። አንድ ቀጭን ሰውዬ ቁም ሣጥን የሚያክል ድምፅ ማጉያ ላይ መዳፉን አሳርፎ ቆሟል። ሰፈርተኛው ገና ከመምጣቱ «ኩሩው» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ ሰላም ሲሉት አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ እንደ ግንድ ዝም ይላል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ስፒሎቼ በእግራቸው መሄድ ጀምረዋል።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አላት፣ ፊቱ ሳይስቅ።

ሳትወድ በግድ ሳቀች። እሱም ድምፁን ቀነሰና በቀኙ በኩል በርጩማ ሳበላት። «ካስቸገረሽ አይቀር በወጉ ስሚው።»

«ሬጌ እኮ አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ ሁሌም አለ።»

«የታክሲው በሩ ነው» አላት። «ቤቱ ገና ከኋላው ነው።»

እንዲህ ነው የጀመሩት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ስትጨርስ ትሄዳለች። እሱ አንድ ሸክላ ከሽፋኑ ያወጣል፣ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ መርፌውን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። እስኪያልቅም አያወሩም። መጀመሪያ ሦስት ሰዎች እንደ አንድ ሰው የሚዘፍኑበትን አሰማት፤ ድህነታቸውን እየተናገሩ ድምፃቸው ግን እንደ ሠርገኛ ነው። ቀጥሎ ቃል የሌለበት፣ ትሮምቦን የሚሉት ጥሩንባ ብቻ ሰው ሆኖ የሚያለቅስበት። አንድ ቅዳሜ ደግሞ የምታውቀውን ዘፈን ከፈተላት፤ ዘፋኙ ግን የለም።

«ሰውየውን የት አደረሱት?»

«አወጡት። ደብ የሚባለው ይሄ ነው። ያንኑ ዘፈን ወስደው ድምፁን ያነሱለታል፤ ከበሮና ቤዙ ይቀራል። አልፎ አልፎ አንዲት ቃል ብቅ ትልና ገደል ማሚቶ ሆና ትጠፋለች።»

«ሰው የሄደበት ቤት ይመስላል» አለች። የእናቷ አልጋ ትዝ ብሏት ነበር።

አያት። ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ዐይኑን ሰበረና ሸክላውን ገለበጠው።

ዓመት ሞላቸው። ዐይኑ ብዙ ያወራል፤ አፉ ግን ከሸክላ አይወጣም። እሷም ብትሆን ደፋር አልነበረችም። ሸክላ ሲቀባበሉ ጣታቸው ከተነካካ፣ ያን ሳምንት ሙሉ ያችኑ ቅጽበት ስታስብ ትከርማለች።

አንድ እሑድ እህቷ ደወለች። የባሏ ጓደኛ፣ ጭምት ሹፌር፣ ስለ እሷ ጠይቋል።

«አንቺ ልጅ፣ ከግድግዳ ጋር ልታረጂ ነው? እስከ ፊታችን እሑድ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሄደች። የሷ በርጩማ ላይ አዲስ የመጣ የሸክላ ካርቶን ተቀምጦ ስለነበር በግራው በኩል አንድ ሣጥን ላይ አረፈች። ሙዚቃው ተከፍቷል። እሱ ጎንበስ ብሎ ሸክላ እየመረጠ ነበር። ዐይን ዐይኑን እያየች መናገር ስለማትችል እጇን እያየች ተናገረች።

«ሰው ጠይቆኛል። ሌላ ከተማ ነው። አንተ አትሂጂ ካልከኝ አልሄድም።»

እሱ መምረጡን ቀጠለ። ልቧ ከቤዙ በላይ ይመታ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሸክላ አወጣና ወደ እሷ ዘረጋ።

«ይዘሽው ሂጂ» አላት። «ይሄ ብቻን ሲሆኑ ነው ደስ የሚለው።»

«ሂጂ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰማች። ሸክላውን ሣጥኑ ላይ ትታ ወጣች። ማክሰኞ ክፍሏን ዘግታ፣ ዕቃዋን ጭና ወደ እህቷ ከተማ ሄደች።

ሹፌሩ ደግ ሰው ነበር። ሦስት ጊዜ ሊጠይቃት መጣ፤ በሦስተኛው አንድም ቃል ሳትደብቅ ሁሉን ነገረችው። «ልብሽ ሌላ ቤት ከሆነ እኔ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» አላትና በሰላም ተሰናበታት። እንዳትመለስ ደግሞ ኩራቷ ያዛት። በእህቷ ጓሮ ክፍል መጋረጃ እየሰፋች ስድስት ዓመት ተቀመጠች። ሬጌ በሰማች ቁጥር ሬዲዮውን ታጠፋለች። የእህቷ ልጆች «አክስት ዘፈን አትወድም» ይሏታል።

በስድስተኛው ዓመት ጨርቅ ልትገዛ ወደ ድሮ ከተማዋ መጣች። በዚያ መንገድ ላለማለፍ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር፤ እግሯ ግን አልሰማትም። ከድሮ ክፍሏ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴትዮ አይታት አቀፈቻት።

«ኩሩው አሁንም አለ?» አለች እንደ ዘበት።

«ምን ኩሩ ነው ባክሽ! በስሙ ኃጢአት ገባን። ግራ ጆሮው እኮ ድሮ ነው የሞተው። ወጣት ሆኖ ድግስ ድግስ ላይ ማጉያ ሥር ሲቆም ነው አሉ። አምና ሞተር ሳይክል ሊገጨው ሲል ጥሩንባውን አለመስማቱን አየን።»

መጋረጃ ሰፊዋ የሴትዮዋን ክንድ ያዘች። ያን ቅዳሜ በግራው በኩል ነበር የተቀመጠችው።

ሱቁ ስትገባ እሱ ሸክላ እየጠረገ ነበር። ሲያያት ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ጠጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። በቀኙ በኩል ዞራ ቆመች።

«ያን ቀን የነገርኩህን ሰምተሃል?»

«የቱን? ምንም ሳትዪ ነው የወጣሽው። ዓርብ በርሽን ሳንኳኳ፣ ለጋብቻ ሄደች አሉኝ።»

ነገረችው። ያንኑ፣ አንድ ቃል ሳታጎድል። እሱ ሄዶ ሙዚቃውን ዘጋ፤ ጀርባውን እንደሰጣት ቆመ።

«ለምን አልነገርከኝም ጆሮህን?» አለች፣ ቁጣዋ እንባ ሆኖባት።

«ጆሮው የማይሰማ ሙዚቃ ሻጭ! ማን ይገዛዋል? አንቺም ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።» ዞረ። «አትሂጂ እልሽ ነበር። ምንም ሳላስብ።»

«እኔስ፣ ጮክ ብዬ አንድ ጊዜ ብደግመው ምን ነበረበት!»

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

እጇን ያዘ፤ በስድስት ዓመት መርፌ የጠነከረውን የጣቷን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከውጭ መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። እነሱ አልተንቀሳቀሱም።

ወደ አመሻሹ ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ አውቶብሱ ስንት ሰዓት ይገባል? ባሌ መናኸሪያ ይጠብቅሽ?»

«ዛሬ አልመጣም እህት ዓለም።»

«ነገ ነው እንግዲህ?»

ሰውየውን አየችው። በሚሰማው ጆሮው በኩል ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል።

«ነገም አልመጣም» አለች፣ ጮክ ብላ። «ልብሴን ላኪልኝ።»

«የቱን ልብስ?»

«ሁሉንም።»